የተዋችሁትን ድምፅ ለመመለስ ከእንጉርጉሮ ጀምሩ

ልጅ ሆኜ እናቴ ሌሊት ትፈጭ ነበር። ቤታችን ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው፣ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ በሚወስደው በኩል። ዶሮ ሳይጮህ ትነሳለች። እኔ መደብ ላይ ተኝቼ መጁ ወፍጮው ላይ ሲሄድና ሲመለስ እሰማለሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምጿ ይመጣል። ጮክ አትልም። እኛን ለመቀስቀስም ለማስተኛትም አይደለም፤ ለራሷ ነው የምታንጎራጉረው። መጁ ወደፊት ሲሄድ ዜማው ይወርዳል፣ ሲመለስ ትንፋሽ ትስባለች። ከስንኞቿ አንዱ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦

ወፍጮዬ ስሚኝ እንጂ ለሰው አልናገርም፣

ሁለተኛው ስንኝ ግን ጠፋብኝ። ስንት ዓመት ፈለግሁት፣ አልመጣ አለኝ።

ኋላ የሞተር ወፍጮ ወደ አካባቢያችን ገባ። እናቴ ከዚያ ሁሉ ድካም ተገላገለች፣ ጀርባዋም አረፈ። ተመስገን ነው። እንጉርጉሮዋ ግን ከድንጋዩ ጋር አብሮ ቆመ።

የእኔ ድምፅ የቆመው በሌላ መንገድ ነው። በ12 ዓመቴ ለትምህርት ደብረ ማርቆስ ዘመድ ቤት ገባሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ለበዓል መዝሙር እናጠና ነበር። አንድ ቀን አስጠኚው መሃል ላይ አስቆመንና በየተራ ጆሮውን እያስጠጋ አዳመጠን። እኔ ጋ ሲደርስ፣ «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፣ ድምፅ አታውጪ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ በዓሉ ደርሶበት ነው። እኔ ግን ያን ቀን የታዘዝኩትን 31 ዓመት ፈጸምኩት። ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ ሲቀበል ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ልጆቼን ያስተኛኋቸው ጀርባቸውን መታ መታ እያደረግሁ በዝምታ ነው። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከአራት ዓመት በፊት እናቴ አረፈች። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ሲያለቅሱላት የእኔ ጉሮሮ ተዘጋ። ሰው «ከድንጋጤ ነው፣ ይለቃታል» አለ። ከአርባዋም ከሰማንያዋም በኋላ አልለቀቀኝም። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል። እንቅልፍ የለኝም። ሐኪም አየኝ፣ በሽታ አልተገኘብኝም።

ጎረቤታችን የድጓ መምህር ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። አንድ ቀን ቡና ልንጠጣ ተቀምጠን፣ «ልጄ፣ እናትሽን አላለቀስሻትም» አሉኝ።

«ድምፅ የለኝማ፣ የኔታ» አልኳቸው።

«ሲጠሩሽ አቤት ትያለሽ?»

«እላለሁ።»

«እንግዲያው ድምፅ አለሽ። ነገ ቡና ስትወቅጪ አንጎራጉሪ። ቃል አታስገቢበት። እሱ ሲፈልግ ይመጣል።»

ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረግሁትን ነው። የሙዚቃ ትምህርት የለኝም፣ አስተማሪም አይደለሁም። ከየኔታ የሰማሁት አለ፣ የጤና ባለሙያ ከሆነች የእህቴ ልጅ የሰማሁት አለ፣ በራሴ ጉሮሮ ያየሁትም አለ። እንደ እኔ «ድምፅ የለኝም» ብላችሁ ዝም ላላችሁ ሁሉ ነው።

የቆመበትን ቀን ፈልጉ

ብዙ ጊዜ አትፍጁበት። አንድ ምሽት በቂ ነው። ድምፃችሁን ማን አስቆመው? አንድ ቃል ነው? ሐዘን ነው? የጎረምሳነት ድምፃችሁ ሲሰነጠቅ ሰው ስቆባችሁ ነው? አንድ ወረቀት ላይ በሁለት መስመር ጻፉት። እኔ «አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» ብዬ ጻፍኩና መዝሙረ ዳዊቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። እዚያው አለ። ዓላማው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ድምፁ የቆመው ከጉሮሮ ችግር ሳይሆን ከሃፍረት መሆኑን በዓይናችሁ እንድታዩት ነው። ሃፍረት ደግሞ ቀስ በቀስ ይለቃል።

«ጆሮዬ ዜማ አይለይም» የምትሉም አላችሁ። ዜማን በእውነት መለየት የማይችል ሰው ጥቂት ነው። ዘመዳችሁ ደውሎ ገና «ሃሎ» ሲል ማን እንደሆነ ካወቃችሁ፣ የምታውቁትን መዝሙር ሰው ያለ ቃል ሲያንጎራጉረው ከለያችሁት፣ ጆሯችሁ ደህና ነው። የጎደለው ልምምድ ነው።

ትንፋሽ ከሆድ

የኔታ ተማሪዎቻቸውን «ከአንገት አትጩህ፣ ከሆድ አውጣው» ሲሉ ግቢያችን ድረስ ይሰማል። እንዴት እንደሆነ ያሳየችኝ ግን የእህቴ ልጅ ናት።

ወለል ላይ ምንጣፍ ወይም ጀንዲ አንጥፋችሁ በጀርባችሁ ተኙ። አንድ ኪሎ የታሸገ ጨው እምብርታችሁ ላይ አስቀምጡ። በአፍንጫችሁ ስትስቡ ጨው ከፍ ይበል፣ ስታስወጡ ዝቅ ይበል። ትከሻችሁና ደረታችሁ ከተነሳ ትንፋሹ ላይ ላዩን ነው። ከሳንባ ሥር ድያፍራም የሚባል ሰፊ ጡንቻ አለ። ስንስብ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሆድን ወደ ውጭ ይገፋል። የሚዘፍንም የሚዘምርም የሚያዜምም ሰው የሚቆመው እሱ ላይ ነው።

ከዚያ «ስስስስ» እያላችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ፣ በልባችሁ ቁጠሩ። እኔ መጀመሪያ ቀን 9 ላይ አለቀብኝ። በሦስተኛው ሳምንት 22 ደረስኩ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቆላ የመጣችሁ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። ራስ ካዞራችሁ ደግሞ አቁማችሁ እንደ ወትሮው ተንፍሱ። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ይሄ ለድምፅ ብቻ አይደለም። ልባችን ትንፋሽ ስንስብ ትንሽ ትፈጥናለች፣ ስናስወጣ ትረጋለች። ማስወጣቱ በረዘመ ቁጥር የምትረጋበት ጊዜ ይረዝማል። ዜማ ማለት ደግሞ የረዘመ ማስወጣት ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስትነግረኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። መጁን እየገፋች፣ ትንፋሿን በዜማ እያወጣች፣ ልቧን ስታረጋጋ ነበር ያ ሁሉ ሌሊት።

እንጉርጉሮ

ዋናው ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይሄን አትተዉ።

ሰው ጣፋጭ ጉርሻ ሲያጎርሳችሁ አፋችሁን ገጥማችሁ «እምም» ትላላችሁ አይደል? ያችን «እምም» ያዙ። ከንፈር ለስለስ ብሎ ይገጠም። ጥርስ ከጥርስ አይንካ። ምላስ ይረፍ። አሁን «እምም»ን አስረዝሟት። ከንፈራችሁንና የአፍንጫችሁን ዙሪያ ከነዘረው ትክክል ናችሁ። ጉሮሯችሁን ከከረከረው እየገፋችሁ ነውና ቀንሱት። አንድ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። ዝቅ ስትሉ ደረታችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ከፍ ስትሉ ንዝረቱ ወደ ፊታችሁ ይወጣል። እንደ ዥዋዥዌ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሂዱበት። ዜማ መሆን የለበትም።

ያንን የመጀመሪያ ቀን ልንገራችሁ። ቡናውን ቆልቼ ገና ትኩሱን ሙቀጫ ውስጥ ጨመርኩት። ቤት ውስጥ ማንም የለም። ቢሆንም በሩን ዘጋሁ። ዘነዘናውን አነሳሁና አንዴ፣ ሁለቴ ወቀጥኩ። አፌን ገጥሜ «እምም» ለማለት ስሞክር የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ደግሜ ወቀጥኩ። አሁን ትንሽ ድምፅ መጣ፣ ሻካራ፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ። ዘነዘናው ሲወርድ እኔም ዝቅ አልኩ። ሲነሳ ትንፋሽ ሳብኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ምት። የቡናው ሽታ እየወጣ ነው። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ዜማው ራሱ መጣ። የወፍጮው ዜማ ነው። ሳልጠራው መጣ። እጄ ያወቀው መሰለኝ፣ ወደ ታች መግፋቱን፣ ወደ ኋላ መመለሱን። ግማሹ ላይ ቆመ። ቃሉ እንደጠፋ የዜማውም ሁለተኛ ክፍል ጠፍቶ ነበር። እኔ ግን ሙቀጫው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ከእናቴ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ቡናው ደቀቀ፣ እኔ አልቆምኩም።

ለዚህ ነው ከሥራ ጋር አድርጉት የምለው። እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ አይሸማቀቅም። ቡና መውቀጥ፣ ጥጥ መፍተል፣ ልብስ ማጠብ፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ ሁሉም የራሱ ምት አለው። ለወንዶችም እንደዚሁ ነው። አባቴ በሬዎቹን እየጠራ ሲያርስ የሚያወጣው ድምፅ ከማንም ዜማ አያንስም ነበር። «ድምፅ የለኝም» ይል ነበር እሱም።

ቤታችሁ ሰው የሚበዛበት ከሆነ ቦታ ፈልጉ። እኔ ወደ ጨሞጋ ወንዝ እወርድ ነበር፣ ውሃው ድምፄን ይሸፍንልኛል። ክረምት ላይ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተሻለ ነገር የለም። የደብረ ማርቆስ ዝናብ ሲወርድ እንኳን እንጉርጉሮ፣ ጩኸትም አይሰማ። ዝናቡ እስኪያባራ የእናንተ ነው።

ቃሉን አስተውሉት። በአማርኛ ማንጎራጎር ሁለት ነገር ነው። ለራስ በዜማ ማዜምም ማጉረምረምም ነው። እስራኤል በምድረ በዳ በሙሴ ላይ «አንጎራጎሩ» ይላል መጽሐፉ። እኔ ለወራት ያንጎራጎርኩት በሁለተኛው ዓይነት ነበር። ለምን እናቴን ወሰድክብኝ፣ ለምን ያኔ ዝም አሰኙኝ እያልኩ። ያው ምሬት በዜማ ሲወጣ ጸሎት ሆነ። ቃሉ አንድ ነው፣ ትንፋሹም አንድ ነው። አያቶቻችን ይህን ባያውቁ ኖሮ በአንድ ስም አይጠሩትም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለአፍንጫም ሳይረዳ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው አፉን ገጥሞ ሲያንጎራጉር ከአፍንጫው የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ዝም ብሎ ከሚተነፍስበት ጊዜ 15 እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝተውታል። ምክንያቱ ንዝረቱ በፊት አጥንት ውስጥ ባሉት ክፍት ቦታዎች ያለውን አየር ስለሚያንሸራሽር ነው። ጉንፋን የያዘኝ ሰሞን ቀስ ብዬ ሳንጎራጉር አፍንጫዬ ይከፈትልኛል።

በቀን አሥር ደቂቃ። ሁለት ሳምንት ቃል አታስገቡ።

መነሻችሁ «አቤት» ነው

ሰው ድምፅ የለኝም የሚለው ብዙ ጊዜ በሰው ድምፅ ሊያዜም ስለሚሞክር ነው። እኔ ያኔ ሰንበት ትምህርት ቤት የሆንኩት ይሄው ነው። መዝሙሩን የምታወጣው ልጅ ቀጭን ድምፅ ነበራት። የእኔ ወፍራም ነው። እሷ ጋ ለመድረስ ስንጠራራ ተሰነጠቅሁ።

የራሳችሁን ከፍታ ለማግኘት፣ ሰው ከሩቅ ሲጠራችሁ አስቡ። «አቤት!» በሉ፣ ሳታስቡ። ከዚያ «ቤ»ን አስረዝሟት፦ «አቤ‑ኤ‑ኤ‑ት»። የቆማችሁበት ቦታ መነሻችሁ ነው። ከዚያ ሁለት ደረጃ ወደ ላይ፣ ሁለት ደረጃ ወደ ታች ሂዱ። ለመጀመሪያው ወር ከዚያ አትለፉ። አገር ቤት ሰው ከኮረብታ ኮረብታ ሲጣራ ሰምታችኋል። ስሙን ጠርቶ መጨረሻውን ይጎትተዋል፣ ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ይደርሳል። ያ ሰው ዘፋኝ ነኝ አይልም። የሚያደርገው ግን ዘፋኝ የሚያደርገውን ነው፤ አናባቢውን ከፍቶ ትንፋሹን ያፈስበታል።

ድምፄ ሻካራ ነው ለምትሉ ደግሞ በገናን አስታውሱ። አሥር አውታር አለው። አውታሮቹ ከሚያርፉበት ላይ እንዝራ የሚባል ትንሽ ቆዳ እየገባ ነው ያ የሚነዝረው፣ የሚያጉረመርመው ድምፅ የሚመጣው። አውታሩ ጥርት ብሎ እንዲጮህ ቢፈለግ ቆዳውን ማውጣት ነው። ማንም አያወጣውም። ዐቢይ ጾም ላይ ልባችንን የሚነካን ያ መነዘሩ ነው።

ቃል ሲገባ

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቃል ብቻ አስገቡ። እኔ «እግዚኦ» ያዝኩ። በእኛ ዘንድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ የሚባልበት ጸሎት አለ፤ መቁጠሪያዬም 41 ፍሬ አለው። አንዱን ፍሬ በያዝኩ ቁጥር አንድ ትንፋሽ፣ አንድ «እግዚኦ»። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቃሉን ስለ ድምፄ እያሰብኩ ነው የምለው። ጥሩ ወጣ? ተሰነጠቀ? ሃያ ላይ ድምፄን መስማት እተዋለሁ። ሠላሳ ላይ የምጠራው ብቻ ይቀራል። መድገም ጥቅሙ ይሄ ነው። አሥራ ሁለት ላይ ብታቆሙ እዚያ አትደርሱም፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሂዱ። አሥር ደቂቃም አይፈጅም።

ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ጨመርኩ። ለሰባቱ ቀን ተከፍሎ ስለተቀመጠ ዛሬ ምን ልበል አያሰኝም። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፣ እሷ መንዙማ ታንጎራጉራለች። ግድግዳው አንድ ስለሆነ አንዳንድ ማለዳ የሁለታችን ድምፅ ይገናኛል። እናንተም ከልጅነታችሁ ልባችሁ የሚያውቀውን ያዙ። አዲስ ነገር ለመማር ጊዜው አይደለም፤ የተዋችሁት ድምፅ የሚመለሰው ወደሚያውቀው ቤት ነው።

የኔታ አንድ ቀን ድጓቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ከቃሉ በላይ ደቃቅ ምልክቶች ተጽፈዋል። ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥ። «ደረት ሲል ወደዚህ ታወርጂዋለሽ» ብለው ደረታቸውን ነኩ። «ርክርክ ሲል ይንቀጠቀጣል፣ ቁርጥ ሲል ይቆማል።» እያዩ አዜሙልኝ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ወረደ፣ ቆመ። እኔ 31 ዓመት እንደ ጥፋት የቆጠርኩት መንቀጥቀጥ እዚያ ምልክት ተበጅቶለት ተቀምጧል።

ሦስቱን ዜማም ያን ቀን ነገሩኝ፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። አራራይ ስሙ እንደሚለው ነው፣ ያራራል። «ልብሽ የደነደነ ቀን አራራይ ስሚ» አሉኝ። እኔ አላዜመውም፣ ለዚያ ዓመታት መማር ያስፈልጋል። ግን እሰማለሁ፣ ከሥር ከሥሩ «እምም» እላለሁ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ ሌሊቱን ማኅሌት ይቆማል። ከበሮው ሲጀምር፣ ጽናጽሉ ሲከተል፣ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አንጎራጉራለሁ። ድምፄ ከዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ ይገባል። ማንም አይለየውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ስለ ቅዱስ ያሬድም የሚነገረውን ታውቁታላችሁ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ አክሱም። ትምህርት አልገባው ብሎ ተገርፎ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ትሏ ስትወጣ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ፍሬው ጋ ስትደርስ አየ። የኔታ ይህን ሲነግሩኝ አንድ ነገር ጨመሩ፦ «ስድስቱን ጊዜ ቁጭ ብሎ አየ እኮ። ወደ መምህሩ ከመመለሱ በፊት ዛፉ ሥር ተቀመጠ።» እናንተም የወደቃችሁበት ቀን ቁጭ በሉ፣ ማግስቱን ቀጥሉ።

እንባ ሲመጣ

ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት። ጉሮሮ ውስጥ ለብዙ ጊዜ የተያዘ ነገር ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚወጣው ዜማ ላይሆን ይችላል። አትቁረጡት። «እምም»ን በለቅሶው ሥር አቆዩት፣ ድምፁ ቢሰነጠቅም ትንፋሹ እየወጣ ይቆይ። አገራችን ውስጥ ለቅሶ ራሱ ዜማ አለው። አልቃሿ አንድ ስንኝ ታወርዳለች፣ ሌላው ይቀበላል። ብቻውን የተዘጋ ጉሮሮ በሰው ድምፅ ይከፈታል። እኔ ያን ቀን አልተከፈተልኝም ነበር፣ ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ደገምኩት። ስም ጠርቼ። «እናቴ» ብዬ አስረዝሜ። ስጨርስ ፊቴን ታጠብኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ትንሽ ቆሎ ቀመስኩ። ይህን አትርሱ፣ ከለቅሶ በኋላ ሰውነት ይራባል።

እንጉርጉሮ ሁሉን አይችልም። ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ መኖርን ከጠላችሁ፣ ለሰው ንገሩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጠበልም ሐኪምም ዜማም አብረው ይሄዳሉ።

«ዘፈን አይሆንብኝም?»

ይህን ብዙ እናቶች ይጠይቁኛል። ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው፣ ምን እንደምታንጎራጉሩም ንገሯቸው። እኔ ስነግራቸው የእኔ አባት «በርቺ» ነው ያሉኝ። በእናቴ ቤት የወፍጮ እንጉርጉሮ፣ እሹሩሩ፣ ለቅሶ ዘፈን ተብሎ አያውቅም።

ጉሮሮን መጠበቅ

ባጭሩ። ለብ ያለ ውሃ ጠጡ። ከጭስ ራቁ፣ ኩበትና እንጨት የሚነድበት ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ምድጃው ጋ ሳይሆን ደጅ ላይ አንጎራጉሩ። እየደጋገማችሁ ጉሮሮ አትጥረጉ፣ በምትኩ ውሃ ጎንጨት አድርጉ ወይም ምራቃችሁን ዋጡ። ጉሮሮ ሲከረክራችሁ በሹክሹክታ ማውራት እረፍት አይደለም፣ ዝም ማለት ነው እረፍቱ። ጉንፋን ሲይዛችሁ ዳማከሴውንም ዝንጅብሉንም እንደ ለመዳችሁት፣ ጮክ ማለትን ግን ተዉ። ድምፃችሁ ያለ ጉንፋን ሦስት ሳምንት ከጎረነነ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ካመመ አቁሙ። ማንጎራጎር ማመም የለበትም።

ለአንድ ሰው አሰሙ

ለብዙ ሰው አይደለም። ለአንድ። የማይስቅባችሁን፣ የማያሞግሳችሁንም ምረጡ። ሙገሳም ያስደነግጣል መጀመሪያ ላይ። እኔ አክስቴን መረጥኩ፣ የእናቴን ታናሽ። ቢቸና ነው ያለችው፣ እድሜዋ ከ70 አልፏል።

ባለፈው ለፋሲካ ሄጄ ማታ መብራት ጠፍቶ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠናል። ቡና እያፈላች ነው። «አክስቴ፣ አንድ ነገር ላንጎራጉርልሽ» አልኳት። ጀበናውን አስቀምጣ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። «ወፍጮዬ ስሚኝ እንጂ...» ድምፄ እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ። እስከ ግማሹ ሄድኩና እንደ ሁልጊዜው እዚያ ቆምኩ።

«እዚህ ጋ ነው የሚጠፋኝ» አልኳት።

ወዲያው አልመለሰችልኝም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደፊት ገፋች፣ ወደ ኋላ መለሰች፣ መጅ እንደያዘች። ደግማ ገፋች። ከዚያ በዚያ በደከመ ድምጿ፣ እኔ ካቆምኩበት ዝቅ ብላ ገባች፦

የሰጡሽ ሁሉ ደቆ ካንቺ ዘንድ አያድርም።

«እንደሱ ነው የምትለው እቴ» አለች። «እዚህ ላይ ታወርደዋለች፣ አንቺ ከፍ ልትዪ ነው የምትታገዪ። አሁን አብረን።»

አብረን አልነው። ሦስቴ፣ አራቴ። በአምስተኛው ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁት፤ ከሥሩ እሳቱ ሲንጣጣና ቡናው ገንፍሎ ፍሙ ላይ ሲፈስ ይሰማል።